ስለ ናሚቢያ ስንወስን ስላመለጠን ጎርፍ

ይድረስ ለተከበሩና ለተፈሩ ለጓድ ይርጋ፣ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር

ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የጎላ፣ ዕድሜዎም እንደ ንግግርዎ የረዘመ ይሁን እያልኩ ከልብ የመነጨ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ ከማሽላችን በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ይህን የምጽፈው እኔ ታረቀኝ ነኝ፤ በማታው የመሠረተ ትምህርት ክፍል ከጎልማሶቹ አንደኛ የወጣሁት። ሁለተኛ የወጣው ጎረቤቴ ይህ ሲነሳ አይወድም፣ እውነት ግን እውነት ነው። ፊደል ከቆጠርኩ ዓመት ሳይሞላኝ ከሮቢት እስከ ዋጃ መንገድ ዳር ያለ ጽሑፍ አንድም አላለፈኝም፤ እንዲያውም የጭነት መኪና ጀርባ ላይ የተጻፈውን ልጨርስ ብዬ ስከተል ከኋላ የመጣው መኪና ሊጨርሰኝ ነበር። ደብዳቤውን በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ የለጠፍኩትም ለእርስዎ አዝኜ ነው፤ ለብቻዎ ቢደርስዎ ለሕዝቡ ሊያነቡት ሌላ ስብሰባ መጥራት ይኖርብዎ ነበር።

እርስዎ የሚያውቁትን ለመንገደኛው አንባቢ ልንገረው። በእኛ በቆቦ ቆላ ዝናቡ የሚዘንበው በላስታ ተራራ ላይ ነው፤ እኛ የሚደርሰን ጎርፉ ነው። ተራራው ሲጠቁር ሰው ሁሉ ዶማውን ይዞ ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ ክትር ሠርቶ ጎርፉን ይጠልፋል፣ በቦይ እየመራ ማሳውን ያጠጣል። ሰው በቦታው ከሌለ ጎርፉ ቆሞ አይጠብቅም፤ በጎሊና ወንዝ ወርዶ አፋር ይገባል። አሁን ወደ ቅሬታዬ።

አንደኛ፣ ስላለፈው ረቡዕ ስብሰባ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የናሚቢያ ጭቁን ሕዝብ የራሱን ዕድል በራሱ የመወሰን መብት እንዳለው ከጠዋት ጀምሮ አስረድተውናል። ማንም ይህን ትምህርት ሳይጨርስ እንዳይወጣ አስበው በሩን በዘብ ማስጠበቅዎ ደግሞ የአባት ነው። እጃችንን አውጥተን ድጋፋችንን ስንገልጽ ከወንዙ በኩል ጉርምርምታ ተሰማ። በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው ሀሊሜ ብድግ ብላ «ውሃው መጣ!» አለች። እርስዎም «ከአጀንዳ ውጪ ነው፣ እጅ ሳያወጡ መናገር ክልክል ነው» አሏት። «እጄንማ ከጠዋት አውጥቼው ደንዝዟል፤ ወላሂ ጎርፍ አጀንዳ አያውቅም፣ በሩን ክፈቱልኝ!» ስትል የስብሰባ ሥነ ሥርዓት ስለ ማክበር ሌላ ትምህርት ጨመሩልን። ሀሊሜ በስድሳ አምስቱ ረሃብ ሁለት ልጆቿን የቀበረችው ውሃው ባመለጠበት ዓመት ነው፤ ስለዚህ የጎርፍ ድምፅ ስትሰማ ሥነ ሥርዓት ይጎድላታልና ይቅርታ ያድርጉላት። በሩ ሲከፈት ጎርፉ አፋር ደርሶ ነበር።

ሁለተኛ፣ የባለቤትዎ ወንድም የጓድ ካሳው ጤንነት ያሳስበኛል። በዚያ ቀን ታመው ከስብሰባው ቀርተዋል መባሉን ሰምቼ ልጠይቃቸው በማሳቸው በኩል ሳልፍ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። በዙሪያው ያለው ማሳ ሁሉ የተሰነጠቀ፣ የእሳቸው ብቻ የጠገበ! ታመው ተኝተው ሳሉ ማሳቸውን ያጠጣላቸው ደግ ሰው ማን እንደሆነ ቢነግሩኝ እኔም አልፎ አልፎ እታመም ነበር።

ሦስተኛው ቅሬታ እንኳን አይደለም፣ ጥርጣሬ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ሲውል ንቃታችን ሞልቶ የተረፈ ይመስል የሚጠራን የለም፤ ተራራው ሲጠቁር ግን ንቃተ ኅሊናችን በድንገት ይጎድልና የስብሰባው ደወል ይደወላል። በዚህ ክረምት አንድ ጊዜ ቢሆን አጋጣሚ ባልኩ፤ ሦስቴም እንዲሁ ሆነ። ማለዳ ከደጅዎ ቆመው፣ እጅዎን ግንባርዎ ላይ ጋርደው ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ አይቻለሁ። ጸሎት ነው እንዳልል እርስዎ ጸሎት ትተዋል፤ ቢጸልዩም ፊትን ማዞር ወደ ምሥራቅ ነው። ክፉ አሳቢ ሆኜ አይደለም፤ ማንበብ የጀመረ ሰው ፊደል ብቻ አንብቦ ማቆም አቅቶት ነው።

አራተኛውና ዋናው የውሃ አባታችን ጉዳይ ነው። ከድሮ ጀምሮ ውሃውን በተራ የሚያካፍለንን የውሃ አባት የምንመርጠው ማሳው በቦዩ ጅራት ካለው ሰው ነው። ለምን ቢሉ፣ ውሃው የሁላችንን ማሳ ሳያልፍ የእሱ ዘንድ አይደርስም፤ ስለዚህ እኛን ካላጠጣ ራሱ አይጠጣም። አባ አራጌን የመረጥናቸው ለዚህ ነበር። እርስዎ ግን አምና ይህን «ኋላ ቀር ልማድ» ብለው ሽረው ጓድ ካሳውን ሾሙልን። የጓድ ካሳው ማሳ ያለው በቦዩ ራስ ላይ ነው። እሳቸው ሲጠግቡ ቦዩ ይዘጋል፤ ከእሳቸው በታች ያለነው ስለ እኩልነት እንማራለን።

እንግዲህ ጥያቄዬ የተማሪ ጥያቄ ነው። የናሚቢያ ሰው የሚያስተዳድረውን ራሱ ይምረጥ ብለው አስተምረውናል፤ እኔም ሁለቱንም እጄን አውጥቼ ደግፌአለሁ፣ ዛሬም እደግፋለሁ። ያን ሰው ባገኘው «ወንድሜ፣ ውሃህን ማን ያካፍልህ?» ብዬ የምጠይቀው እሱን እንጂ ሊቀ መንበሩን አይደለም። ታዲያ ይህ መብት ከዚያ ሁሉ አገር ተነሥቶ ሲመጣ ቆቦ ሳይደርስ የት ወረደ? ወይስ ጽሕፈት ቤትዎ ደርሶ ከውስጥ ተቆልፎበት ነው?

የሆዴ ነገር ብቻ እንዳይመስልዎ። ራሴ የመረጥኩት የውሃ አባት ቢሳሳትና ማሽላዬ ቢደርቅ ክትሩ ላይ ቆሜ እሰድበዋለሁ፣ እሱም ይሰድበኛል፣ በማግስቱ ታርቀን አብረን እንቆፍራለን። በላዬ ላይ በተሾመ ሰው ስደርቅ ግን የምሰድበው እንኳ የለኝም፤ ስድቡም ከአጀንዳ ውጪ ነው። ሰው ለራሱ ነገር እንግዳ ሆኖ ሲውል ጠግቦም ቢያድር አያምርበትም፤ እኛ ደግሞ አልጠገብንም። ደጋሌት የምንለው ማሽላችን ሊያፈራ የቀረው አንድ ጎርፍ ነው። ያ ካመለጠን ቀጥሎ የሚመጣውን ሀሊሜ ታውቀዋለች።

ይህን አንብበው አድኃሪ ይሉኝ ይሆናል። ይበሉኝ፤ በትክክል መጻፉን ግን እኔ አያለሁ።

ስለዚህ ፈቃድ ለመጠየቅ ሳይሆን ለማሳወቅ ያህል፣ እሑድ ዕለት ክትሩ ላይ ተሰብስበን አባ አራጌን መልሰን መርጠናል። የተቃወመ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ራሳቸው አባ አራጌ ናቸው፣ ጉልበቴን ያመኛል ብለው። በድምፅ ብልጫ አሸንፈናቸዋል። ያስተማሩን እርስዎ ነዎትና ምስጋናው ለእርስዎ ይሁን።

ትምህርትዎ ከጠበቁት በላይ የገባው፣ ለክብርዎ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳ፣ ለክትሩ ግን ቀና ብሎ የቆመ ተማሪዎ፣

ታረቀኝ
(በገዛ እጁ የፈረመ፤ የጣት አሻራ አይደለም)
ነሐሴ ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህን ስጽፍ ተራራው እየጠቆረ ነውና ደወሉን ሊደውሉ አስበው ከሆነ አይድከሙ፤ ሁላችንም ወንዙ ዘንድ ነን። እንደማንኛውም ገበሬ ለእርስዎም የውሃ ተራ ወጥቶልዎታል፤ ከሀሊሜ ቀጥሎ ነዎት። ዶማ ይዞ ያልመጣ ግን ተራው ያልፈዋል። ይህን የወሰንነው እኛው ነን።