በጠራራ ፀሐይ ስለተተኮሰው ርችት

ለርችት ፈቃድና ለበዓላት ድምቀት ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ቦንጋ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለጆሮዎ ደኅንነት እየተመኘሁ እጅ እነሳለሁ። እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ ጀርባ፣ ከጫካው ጠርዝ ላይ ንብ በማነብ የምተዳደር ጎረቤትዎ ስሆን፣ ልጄን ዮሀናን በግንቦት ለመዳር ሽር ጉድ ላይ ነበርኩ። በእኛ ቤት የልጅ ሰርግ ጠጅ የሚጣለው ከአባቷ ቀፎ በተቆረጠ ማር ነው። ገበያ ወጥቶ ማር የሸመተ አባት ማንም ባይናገረው እንኳ በዐይን ያልቃል።

መመሪያዎ ርችት ለመግዛት የቀበሌ ደብዳቤ፣ ሁለት ምስክርና የሃያ አንድ ቀን ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ፣ ከመሸ በኋላ መተኮስም ጨርሶ ክልክል እንደሆነ ይደነግጋል። ለእንቅልፋችን ስለታሰበልን አመሰግናለሁ። ቅሬታዎቼም እነዚህ ናቸው፤

1ኛ. በመጋቢት መጀመሪያ ጽሕፈት ቤትዎ አዲሱን በሩን ሲያስመርቅ፣ የገዛ መመሪያውን ላለመጣስ ሲል ርችቱን ከቀኑ በሰባት ሰዓት ተኮሰው። የታደመው ሕዝብ አንጋጦ ቢመለከት ከጭስ በቀር ያየው ነገር አልነበረም፤ ፍንዳታውን ግን እስከ ገበያው ድረስ ያልሰማ የለም። እንዲህ ያለ ሕግ አክባሪነት በየትም አገር አይገኝም።

2ኛ. ንብ ቀን ሠራተኛ ናት። ከአሥራ አንዱ ቀፎዬ ስምንቱ በዚያ ሳምንት ባዶ ቀሩ። ዛፉ ላይ ወጥቼ ቀፎውን በጣቴ ሳንኳኳ አንድም ድምፅ ባጣሁ ጊዜ፣ አልዋሽዎትም፣ እዚያው ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

3ኛ. አቤቱታዬን የተቀበሉኝ ባልደረባዎ አቶ ማዕረግ ወንበር ስበው ካስቀመጡኝ በኋላ፣ መመሪያው ርችት በአጠገባቸው እንዳይተኮስ ሲከለክል ነዳጅ ማደያ፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት እንጂ ቀፎ ስለማይጠቅስ፣ ንቦቼ በሕግ ፊት በቦታው እንዳልነበሩ በትሕትና አስረዱኝ። እንደነበሩ የሚያረጋግጥ ምስክር እንዳቀርብም አዘዙኝ። ጎረቤቴ እትዬ አልጋነሽ አምና ከዐይናቸው ሥር እንደተነደፉ ሊመሰክሩ መጥተው ነበር፤ እብጠቱ ስለጎደለ ግን ማስረጃቸው አልተያዘም።

4ኛ. በሚያዝያ ማብቂያ የቀሩትን ሦስት ቀፎዎች አጭሼ ማር ልቆርጥ ችቦ ይዤ ስወጣ፣ ዘበኛዎ ጋሽ ለገሰ እያዘኑ አስቆሙኝ። ለካ መመሪያው «ብልጭታ የሚያወጣ ማንኛውም ነገር» ርችት ነው ይላል! ስለዚህ አባቴ ከአባቱ የተማረው ችቦ ዛሬ የሃያ አንድ ቀን ፈቃድ ይጠብቃል። ፈቃዱ ሲደርስ ጠጁን ጥሎ ለማድረስ ጊዜ አይተርፍም፤ የእኔም ነገር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖ ቀረ።

ክቡር ሆይ፣ ተናድጃለሁ። ሕግ አይኑር አላልኩም፤ ርችት ሣር ቤት ማቃጠሉን፣ የሰው ዐይን ማጥፋቱን አውቃለሁ። ነገር ግን ሕጉን የጻፈው ሰው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት መስኮቱን ከፍቶ ወደ ጫካው አንድ ጊዜ ቢመለከት ምን ነበረበት? ቀፎ ባለበት አካባቢ እንዳይተኮስ፣ የማር ቆራጭ ችቦም ከርችት እንዲለይ በሁለት መስመር ቢጨመር ወረቀቱን እኔ ገዝቼ አመጣለሁ።

ለትዕግሥትዎ፣ ለአዲሱ በርዎና ለፀጥታው ጫካችን ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ማር አልባው ጎረቤትዎ
ዳምጤ አባተ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ለሰርጉ በክብር ተጠርተዋል። መቀመጫዎን ከሙሽራው ሽማግሌዎች መሐል አዘጋጅቻለሁ፤ ጠጁ የት አለ ብለው ሲጠይቁ መመሪያውን የሚያነቡላቸው እርስዎ ነዎት። እኔ በዚያች ሰዓት ቀና ብዬ የልጄን ፊት ማየት አልችልም።