በኤሊው ቤት ስላለው ጉንዳንና በመጋዘኑ ስለሌለው ስኳር

ቁጥር፦ ፩ (ከዚህ በፊት ደብዳቤ ጽፌ ስለማላውቅ)
ቀን፦ ረቡዕ፣ ሚያዝያ 19
ጎንደር

ለተከበሩ አቶ እንዳልካቸው
የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጉንዳኖችዎን እንዲሰበስቡልኝ በትሕትና ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት፣ የቤተሰብዎን ሰላምና የማኅተምዎን ደኅንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ከቢሮዎ ጀርባ አጥር ለአጥር የምንዋሰነው አናጢው ሰውአገኝ ነኝ። የሚተኙበትን የዋንዛ አልጋ የሠራሁልዎም እኔ ነኝና እስካሁን ሳይንጫጫ እንደሚያሳድርዎ ተስፋ አለኝ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ባለቤቴ እናኑም ደኅና ናት፤ ዶሮዎቹም ደኅና ናቸው። ደኅና ያልሆነው ኤሊው ብቻ ሲሆን፣ እሱም ግራ ዓይኑን ከጨፈነ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑን ይዟል።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ መሆኑን ከወዲሁ ላሳውቅዎ እወዳለሁ። መስከረም ላይ የማታ ትምህርት ስገባ ከፊደል ጋር ገና ሰላምታ እንኳ አልነበረንም፤ ዛሬ ግን ከሃያ ሦስት ጎልማሶች መካከል በንባብም በጽሕፈትም አንደኛ ነኝ። ይህንንም እኔ ሳልሆን መምህርት ትዕግስት ናት የመሰከረችው፤ «አያ ሰውአገኝ፣ ጽሑፍዎ እንደ ተላገ ጣውላ ሸጋ ነው» ስትል ሃያ ሁለቱም ሰምተዋል፤ ያልሰማ ካለም እኔ ደግሜ ነግሬዋለሁ። በቢሮዎ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉት ሰውዬ አሁን ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ተስፋ ያደረጉትን ደንበኛ ስላጎደልኩባቸው በዚሁ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። የግእዝ ቁጥር ገና እስከ ፭ ስለደረስን ቅሬታዬም ከአምስት አያልፍም፤ ይህን እንደ ዕድልዎ ይቁጠሩት።

፩. ስለ ኤሊው።

ኤሊው ዘገየ ይባላል። ስሙን ያወጣለት የወለቃ መንደሩ ቤተ እስራኤላዊ ብረት ሠሪ ይባረክ ነው፤ የመላጊያዬን ምላጭና የመሮዬን ስለት ሃያ ዓመት ሙሉ የሠራልኝ ሰው። ይባረክ ቤተሰቡን ይዞ ወደ እስራኤል ሲሄድ ላሙን ሸጠ፣ መዶሻውን ለእኔ ሰጠ፣ ዘገየን ግን አልሸጠም አልሰጠም፤ በጆንያ አድርጎ አምጥቶ «ይሄ አደራ ነው» አለኝና እጁን በኤሊው የድንጋይ ልብስ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ። ይኸው አራት ዓመት ሆነው፣ እሑድ እሑድ በስልክ በምስል ይደውላል። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «እስኪ አሳየኝ» ነው የሚለው። ላለፉት ሁለት እሑዶች ስልኩን በኤሊው ቀኝ በኩል ብቻ ይዤ ነው ያሳየሁት፤ «ምነው አንተ፣ ይሄ ኤሊ ዛሬ አንገቱ አልዞር አለው?» ቢለኝ «ኩራት ነው» ብዬ አለፍኩት። ሰኔ ላይ ግን ራሱ መጥቶ ሊያየው ቆርጧል፤ ሰኔ ላይ ኤሊው በሁለቱም በኩል መታየቱ አይቀርም።

ቤቱን የሠራሁለት እኔ ነኝ። አራት እግር ያለው፣ ከባሕር ዛፍ የተዋቀረ፣ ግማሹ ፀሐይ የሚገባበት ግማሹ ጥላ የሆነ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ንጹሕ ገለባ የተነጠፈበት ነው። ሳልኩራራ ለመናገር፣ ከከተማችን ግንብ የሚያንሰው በስፋቱ ብቻ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ጥቁር ጉንዳን በመጋቢት መጨረሻ ገባ፤ ገብቶም አልወጣም፤ ከገለባው ሥር ጎጆ ቀልሶ፣ እንቁላሉን አስቀምጦ፣ ባለቤቱን ተከራይ አደረገው። ዘገየ ራሱን ወደ ድንጋዩ ሲሰበስብ ጉንዳኖቹ ተከትለውት ይገባሉ፤ እሱ ሌላ የሚሸሽበት ቤት የለውም። ዓይኑን የነከሱት ያን ጊዜ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ይሆናል ብዬ የተረፈውን ጎመንና ፓፓያ በየቀኑ ጠረግሁ፤ ጉንዳኖቹ ፓፓያውን ድሮም አልነኩትም ነበር። አመድ ከበብኩበት፤ በአመዱ መሐል መንገድ አወጡ፤ የእነሱ መንገድ በሦስት ቀን ሲያልቅ የእኛ ሰፈር መንገድ በስድስት ዓመት አለማለቁን የነገረችኝ እናኑ ናት፣ እኔ አላልኩም። በመጨረሻ ኤሊውን አቅፌ ወደ ከብት ሐኪም ሄድኩ። ሐኪሙ መዝገቡ ላይ ላም፣ በግ፣ ፍየል፣ አህያ እያለ ወርዶ ወርዶ «ሌሎች» ከሚለው ሥር ጻፈው። ከዚያም ዓይኑን ፈልቶ በበረደ ውኃ እንዳጥብ፣ ፍሊት አጠገቡ እንዳልነፋ፣ ጉንዳኑ ሲሞት ኤሊውም እንዳይከተለው፣ ገለባውን ሁሉ አውጥቼ የቤቱን አራት እግሮች ውኃ በሞላባቸው ጣሳዎች ውስጥ እንዳቆም መከረኝ። ምክሩ ሸጋ ነበር። ከእርስዎ ጋር እስኪገናኝ ድረስ።

፪. ስለ ጽሑፍ።

ጉንዳኖቹ በአጥራችን ሥር ከእርስዎ ግቢ ሲመጡ ስላየሁ ቢሮዎ ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ፤ በሁለተኛው ከስብሰባ እያረፉ ነው ተባልኩ፤ በሦስተኛው እግዜር ይስጥልኝ ራስዎ አስቀመጡኝ፣ ስለ ኤሊው ዓይን እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጡኝ፣ ከዚያም «በጽሑፍ አቅርብ» ብለውኝ ወደ ጸሐፊዎ ዞር ብለው ፈገግ አሉ።

ያችን ፈገግታ አውቃታለሁ፣ ክቡር ሆይ። የጎርፍ ቦዩ ቤቴን ባጥለቀለቀ ጊዜም አይቻታለሁ፤ የመብራት ምሰሶው ወደ ጣሪያዬ ባዘመመ ጊዜም አይቻታለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «በጽሑፍ አቅርብ» ሲሉኝ ለባለ ጃንጥላው ጸሐፊ የምከፍለው ስላልነበረኝ ቆቤን ደፍቼ ወጥቼ ሄጃለሁ፤ እርስዎም እንደምሄድ ያውቁ ነበር። ዘንድሮ ግን ማታ ማታ ደብተር ይዤ ወዴት እንደምሄድ የነገረዎ ሰው የለም። ስለዚህ ለዚያች ፈገግታ ከልብ አመሰግንዎታለሁ፤ በአምሳ አራት ዓመቴ «ሀ» ብዬ እንድጀምር ከዚያ የበለጠ የገፋፋኝ የለም።

፫. ስለ ቀይ ቀለም።

ከሦስተኛው ጉብኝቴ በኋላ ሁለት ደንብ አስከባሪዎች ሜትር ይዘው ወደ ግቢዬ መጡ። ጉንዳኑን ሊለኩ መስሎኝ ወንበር አወጣሁላቸው። እነሱ ግን የዘገየን ቤት ቁመትና ወርድ ለክተው ካርታ ጠየቁኝ፤ የለውም አልኩ፤ ፕላን ጠየቁኝ፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው አልኩ። ከውስጥ የሚኖረው ስንት ሰው ነው ሲሉ አንድ ነው፣ ሰው ግን አይደለም አልኩ። «ነዋሪ፦ አንድ። መታወቂያ፦ የለውም» ብለው ጻፉ፤ ቃል በቃል ያነበብኩት በትከሻቸው አሻግሬ ነው፤ ማንበብ እችላለሁ ብዬ አልነገርኳቸውም። ዕድሜውን ጠየቁ፤ ከይባረክ አባት የተወረሰ ስለሆነ ከዚህ ቀበሌ ይበልጣል ስላቸው በመዝገቡ ሳያሰፍሩት ቀሩ። ሲሄዱ በገዛ እጄ በላግሁት ሳንቃ ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ የ«ይፍረስ» ምልክት አደረጉበት።

ስለ ጉንዳን አመልክቼ ስለ ሕገ ወጥ ግንባታ መልስ በማግኘቴ የቢሮዎን ፍጥነት አደንቃለሁ። ጉንዳኖቹም አደነቁ፤ ቀለሙ እንደ ደረቀ በላዩ ተሰልፈው አለፉ።

፬. ስለ ውኃ።

አራቱን ጣሳዎች ሞላሁ፤ ለሁለት ቀን ጉንዳን አልገባም። በሦስተኛው ቀን ውኃው ተነነ፤ የቧንቧው ተራ የሚደርሰን በአሥራ አምስት ቀን ነው፤ እኔና እናኑም ከኤሊው ጋር አብረን ስለምንጠማ ጣሳዎቹ ደረቁ። ጉንዳኖቹ እንቁላላቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ፈረቃውን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ አፌ ይደርቃል።

፭. ስለ ስኳር።

ከክፍል ውጭ በራሴ ያነበብኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ በግቢዎ ባለው የሸማቾች መጋዘን በር ላይ የለጠፉት ማስታወቂያ ነው፦ «ስኳር የለም። ሲመጣ እናሳውቃለን።» ከሥሩ ፊርማዎ አለ፤ ማኅተሙም ክብ ነው። ደስታዬን አልችለው ብዬ ለተሰለፈው ሕዝብ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሦስት ጊዜ አነበብኩለት። ከንጋት ጀምረው በምርኩዛቸው ቆመው የነበሩት አያ ነጋ «እስኪ አንድ ጊዜ ድገመው፣ ምናልባት ሌላ ነገር ይወጣው እንደሆነ» አሉኝ። ደገምኩት። ያው ወጣው።

በማግስቱ የዘገየን ገለባ ጠርጌ ሳወጣ ከጉንዳኖቹ ጎጆ ውስጥ ነጭ ነገር አገኘሁ። ጨው መስሎኝ ቀመስኩት። ከዚያ እናኑን ጠርቼ አስቀመስኳት፤ «ምነው አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ስኳር አይደል?» አለች፤ ከሦስት ወር በኋላ ስለቀመሰችው እርግጠኛ ለመሆን ሁለተኛ ቀመሰች። አበጥራ፣ እንቁላሉን ለይታ፣ እፍኝ ሙሉ አወጣች። በዚያ ቀን በቤታችን ጣፋጭ ሻይ ተጠጣ፤ አያ ነጋንም ጠርተን አጠጣናቸው፤ ጉንዳኖቹን ስለ ልግስናቸው በዚሁ ደብዳቤ አመሰግናለሁ።

ከዚያ ቁጭ ብዬ ሰልፉን ተከተልኩት። ከዘገየ ቤት እስከ አጥሩ አሥራ ስምንት እርምጃ፤ ከአጥሩ ወዲያ በቀዳዳ አሻግሬ እያየሁ ሃያ አራት ያህል። በባዶ እጃቸው የሚሄዱት በመጋዘኑ በር ሥር፣ ልክ «የለም» ከሚለው ቃል በታች ይገባሉ፤ ሲመለሱ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፍሬ ተሸክመዋል። አናጢ ስለሆንኩ ክፍተቱ ሁለት ጣት እንደሚሆን በዓይኔ ለክቻለሁ። ከዚህ ተነሥቼ ምንም ነገር አልደመድምም። በር ላይ ማኅተም እያለ የጉንዳንን ቃል የሚያምን ሰው አይደለሁም። ጉንዳኖቹ ማስታወቂያውን የጣሱት ማንበብ ስለማይችሉ ነው፤ ለሚቀጥለው መስከረም እንዲመዘገቡ መምህርት ትዕግስትን እለምንላቸዋለሁ።

ስለሆነም፣ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ ትንሽ ናት። በመጋዘኑ ውስጥ የሌለውን ስኳር ለተሰለፈው ሕዝብ ቢያከፋፍሉት ጉንዳኖቹ የሚመላለሱበት ምክንያት ያጣሉ፤ እነሱ ሲሄዱ የዘገየ ዓይን ይድናል፤ የዘገየ ዓይን ሲድን እኔ ሰኔ ላይ የይባረክን ፊት ቀና ብዬ ማየት እችላለሁ። የበሩን ክፍተት በነጻ እደፍናለሁ፤ ሳንቃውም ምስማሩም ከእኔ ነው።

የቢሮዎ በር ሁልጊዜ ክፍት እንዲሆን፣ የመጋዘንዎ በር ግን እንደ በር እንዲዘጋ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ዝቅ፣ ከጉንዳኖችዎ ከፍ ብዬ እጅ የምነሣ ጎረቤትዎ፣

ሰውአገኝ፣ አናጢ
(ፊርማዬ ነው፤ የጣት አሻራ አይደለም)

ግልባጭ፦
— ለመጋዘኑ በር፣ ከማስታወቂያው ጎን እንዲለጠፍ
— ለማታ ትምህርት ክፍላችን
— ለዘገየ፣ በቀኝ ዓይኑ እንዲያየው

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ ከላይ እንደሚታየው ረቡዕ ተጻፈ። ከመለጠፌ በፊት መምህርት ትዕግስት እንድታርመው ሐሙስ ወደ ክፍል ወሰድኩት፤ እሷም ለሌሎቹ ምሳሌ ይሁን ብላ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳነብ አዘዘችኝ። ቢሮዎን የምታጸዳው አማረች ከፊት ወንበር ላይ ነበረች። ከእኔ ቀጥላ ሁለተኛ የወጣች ጎበዝ ናት፤ የሰማችውን በቃሏ የመያዝ ስጦታም አላት። ዓርብ ማለዳ በመጋዘኑ በር የጋሪ ድምፅ ሰማሁ። ዛሬ ቅዳሜ በክፍተቱ ብመለከት ውስጡ ወለል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማስታወቂያዎ ከተለጠፈ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ሆኗልና እንኳን ደስ አለዎ።

ጉንዳኖቹም እንቁላላቸውን ተሸክመው የዘገየን ቤት ለቀዋል። ግራ ዓይኑን ዛሬ ጠዋት ከፈተ፤ ነገ ይባረክ ሲደውል ስልኩን በፈለገው በኩል እይዛለሁ። ይሁን እንጂ ጎረቤቶቼ የነበሩ ናቸውና መንገድ እንዳይጠፋባቸው ሠግቼ ተከተልኳቸው። ከጋሪው ጠብ ጠብ ያለውን እየለቀሙ በወፍጮ ቤቱ በኩል ዞረው፣ መጋጠሚያው ላይ ወደ ግራ ታጥፈው፣ በሰማያዊው የብረት በር ሥር ገቡ። በሩን አውቀዋለሁ፤ አልጋዎን ያስገባሁት በእሱ በኩል ነው።

ስለዚህ አራቱን ጣሳዎች በአማረች እጅ ልኬልዎታለሁ። የአልጋው እግሮች ልክ እንደሚገቡባቸው ሠሪው ራሱ ያረጋግጥልዎታል። ባዶ የላክኋቸው የቧንቧው ተራ ስላልደረሰን ነው፤ ውኃ ካስፈለገዎ በጽሑፍ ያቅርቡ።