ስለ ትራስ የመለስኩት መልስ

ዘኒዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ካለሽበት መልስ እንደማትልኪ ሳስብ ተውኩት። ከተለያየን ሦስት ዓመት ሞልቶ አራተኛው ተጋመሰ። በዚህ መሀል ሁለት ጥርስ ቀንሻለሁ። ምላሴን ግን የነቀላት የለም፤ ሰው እንዳስቀየመች አለች።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም እንዲያነበው ፈቅጃለሁ። በተለይ ሐኪም ቤት ለሚስቶቻቸው የሚተረጉሙ ባሎች ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግርሻለሁ። ወዲያው ያልነገርኩሽ ስለማፍር ነው።

እዚያው ሆፕኪንስ ከተማ፣ እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ቤታችን ነኝ። ሊፍቱ አሁንም ይበላሻል። ያኔ በደረጃ ስንወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመሽ ስታለከልኪ፣ «ላዳዋ ሞተሯ ጋለ፣ ውሃ ጨምሩላት» እያልኩ እስቅብሽ ነበር። አንቺም በቦርሳሽ ትመቺኛለሽ። ዛሬ ያችን ደረጃ ስወጣ ማንም ሳይመታኝ ያመኛል።

አዲስ ነገር ቢኖር የልጅ ልጃችን ቤዛ እኔ ጋ መግባቷ ነው። ነርስ ልትሆን ዩኒቨርሲቲ ጀምራለች። በእናቷ በገነት ቤት ታናናሾቿ አላስጠና ሲሏት መጽሐፎቿን ተሸክማ መጣች። ያንቺ የልብስ መስፊያ የነበረበት ጠረጴዛ ላይ አሁን የኩላሊትና የሳንባ ሥዕል ተዘርግቷል። ዘንድሮ የምትማረው ፊዚዮሎጂ ይባላል፤ ሰውነት ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ማለት ነው። ይህን ካላለፈች ነርሲንግ አይቀበሏትም።

አስተማሪያቸው «ምንም ለማያውቅ ሰው አስረዱ፤ እሱ ከገባው እናንተም ገብቷችኋል» ብሏቸዋል። እሷም በከተማው ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ እኔን መረጠች። ለመለማመጃም የምትጠቀመው እኔን ነው፤ ገና ሳልሞት ሰውነቴን ለትምህርት ሰጥቻለሁ። ወንበር ላይ ታስወጣኝና ታስወርደኛለች፣ ከዚያ እጄን ይዛ ትቆጥራለች። «ልቤን ፈልገሽ አታገኚም፣ አያትሽ ይዛው ሄዳለች» ስላት፣ «አባባ፣ አታውራ፣ ቁጥሩ ይጠፋብኛል» ትለኛለች። አማርኛዋ ተሻሽሏል። ስትናደድ ብቻ ነው ወደ እንግሊዝኛ የምትገባው።

ከአንድ ወር በፊት ቅዳሜ ጠዋት የልብ ምዕራፍ ላይ ደረስን። በወረቀት ላይ አራት ክፍል ያለው ቤት ሳለችልኝ። «ልብ ፓምፕ ነው፣ አባባ። የግራው ጎን ሲደክም የመጣውን ደም ቶሎ አያሳልፍም። ደሙ ወደኋላ ወደ ሳንባ ይከማቻል፣ ውሃው ሳንባ ውስጥ ይገባል» አለችኝ። እግርም ያብጣል አለች። ሰውየው ሲጋደም ደግሞ ቀን እግሩ ላይ የዋለው ውሃ ወደ ደረቱ ይመለስና ትንፋሽ ያሳጥረዋል። «ስለዚህ በሽተኛውን ስንት ትራስ ተንተርሰህ ነው የምትተኛው ብለን እንጠይቃለን። ትራሱ እየጨመረ ከሄደ ልቡን እንጠረጥራለን። ገባህ?»

ገብቶኛል። ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ተነሳሁና የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። በሩን እስክታንኳኳ ድረስ አልወጣሁም።

ዘኒዬ፣ እግርሽ አብጦ ክሊኒክ የወሰድኩሽ ቀን የሆነውን አንቺ የምታውቂው ግማሹን ነው። ሐኪሙ ወጣት ነበር። በስልክ አስተርጓሚ ላምጣላችሁ ሲል፣ ባሏ እያለሁ ምን አስተርጓሚ ያስፈልጋል ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ታክሲ ስነዳ በለመድኩት እንግሊዝኛ እኮ ነው። እግርሽን ነካክቶ አየና ስንት ትራስ ይዛ ነው የምትተኛው ብሎ ጠየቀኝ። ይህ ጎረምሳ የእኛ አልጋ ውስጥ ምን ዶለው አልኩ በልቤ። ወደ አንቺ ዞሬም «ትራሳችንን ይቆጥራል፤ አልጋውን ሊገዛን መሰለኝ» አልኩሽ። በነጠላሽ አፍሽን ሸፍነሽ ሳቅሽ። ከዚያ ሳቅሽን አቆምሽና፣ «አትቀልድ፣ ሦስት በለው። ጠፍጣፋ ተኝቼ መተንፈስ አልችልም በለው» አልሽኝ።

እኔ አንድ አልኩት። ደህና ነው የምትተኛው፣ እድሜ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለባትም አልኩት።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ። የመኝታ ቤታችንን ነገር ለሰው ማውራት አሳፈረኝ። ሚስቴ ደካማ ናት እንዲባልም አልፈለግሁም። ደግሞም ስኔሊንግ ጎዳና ላይ ጓደኞቼ ቀጥረውኝ ነበር፤ እውነቱን ሁሉ ካወጣሁት ምርመራው እንዳይረዝምብኝ ፈራሁ። መኪና ውስጥ ገብተን «ነገርከው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ነገርኩት አልኩሽ። አንቺም አመንሽኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ ቀበርንሽ።

አላወቅሁም ነበር ብዬ አልዋሽሽም፤ የዋሸሁሽ ይበቃል። የገደለሽ ልብሽ መሆኑን ሆስፒታል ነግረውን ነበር። የትራሱን ጥያቄ ከዚያ ጋር አላያያዝኩትም፤ ወይም ማያያዙን ሸሸሁት። ከሁሉ የሚብሰው ግን የልጃችን የገነት ነገር ነው። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት እንደምትሠራ ታውቂያለሽ። ከቀብርሽ ቀን ጀምሮ፣ «የሰው እናት ሳገላብጥ የራሴን ሳላይ ቀረሁ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት» ትላለች። በሙት ዓመትሽም ብላዋለች። ስትለው አጠገቧ ተቀምጬ ጀርባዋን እየዳበስኩ ዝም አልኩ። ጀርባ መዳበስ ቀላል ነው።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ለቤዛ ነገርኳት። ዳቦዋን አስቀመጠች። አላለቀሰችም፣ አይዞህም አላለችኝም። በእንግሊዝኛ «እማዬ ታውቃለች?» አለችኝ። አታውቅም ስላት፣ «እኔ አልነግርልህም። ራስህ ትነግራታለህ» ብላ ቦርሳዋን አነሳች። ሁልጊዜ ስትወጣ ጉንጬን ትስመኝ ነበር፤ ያን ቀን ሳትስመኝ ወጣች።

በሳምንቱ እሑድ ገነት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አስቤዛ ይዛልኝ መጣች። በቀልድ ልጀምር አልኩ፤ አንቺ መቼም ታውቂኛለሽ። ቤዛ ከኩሽና ዞር ብላ ስታየኝ ቀልዱን ትቼ ነገሩን እንደሆነው ተናገርኩ። ገነት ሽንኩርቱን ከፌስታል እያወጣች ነበር። እጇ ቆመ።

«ነገርከው ወይ ብላ ጠየቀችህ?» አለችኝ።

«ጠየቀችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ነገርኩት አልኳት።»

የመኪናዋን ቁልፍ አንስታ ወጣች። በመስኮት አየኋት። መኪናው ውስጥ ተቀምጣ ብዙ ቆየችና ሄደች። አራት ቀን ስልክ አላነሳችም። እኔም ደጋግሜ አልደወልኩም።

በአምስተኛው ቀን ከሺፍት ወጥታ ከነዩኒፎርሟ መጣች። አልተቀመጠችም። «ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ፣ አባዬ» አለችኝ። «ገና ነው። መሞቷን አይደለም የማልረሳው፤ እሷስ ብትነግረውም ምናልባት ላትድን ትችል ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ጥፋቱን በራሴ ላይ ስጭን እያየኸኝ ነበር ማለት ነው፣ እሱን ነው።» ከዚያ ማቀዝቀዣውን ከፍታ የደረቀውን ወጥ ደፋች፣ መድኃኒቴን ቆጠረች፣ ሄደች። ከዚያ ወዲህ እንደ ወትሮው ትመጣለች፤ የምታናግረኝ ግን ስለ መድኃኒቴና ስለ ምግቤ ብቻ ነው።

እነሆ ሁሉን ነገርኩሽ፣ ዘኒዬ። ምሬሃለሁ ወይም አልምርህም ብለሽ የምትመልሺልኝ ስላልሆነ ይቅርታሽን በራሴ እጅ ለራሴ አልጽፍም። ቤዛ ፈተናዋን አልፋለች፤ ትናንት ስትወጣም ጉንጬን ሳመችኝ፤ ይህን የነገርኩሽ የእሷን ወሬ እንድትሰሚ ነው እንጂ ለእኔ እንደ ምሕረት እንድትቆጥሪልኝ አይደለም።

እስካሁን አንቺን ሳስታውስ የማስታውሰው የሚያስቀኝን ብቻ መርጬ ነበር። ከእንግዲህ ሳልመርጥ አስታውስሻለሁ። ባለፈው እሑድ ገነት ለቤዛ ስላንቺ ስታወራ ሰማኋት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «እኔ ነኝ የገደልኳት» ሳትል ጨረሰች። ቁጣዋ ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል። ይዙር። ጀርባዋን ከምዳብስላት ይልቅ ይህ ይሻላታል፤ እኔም አንቺ ጋ እስከምመጣ ድረስ እሸከመዋለሁ።

ባልሽ