አባባ ሲደውልልህ እሺ እንዳትል

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለአርጊሪስ፤

ጤናህ እንደምን ነው? እጮኛህ ሲልከስ ደህና ናት? ወገብህ ከጋራዡ ሥራ ትንሽ አረፈ? እኛ ከአያታችን ጆሮ በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን፤ እሱም የማይፈልገውን ብቻ አለመስማት ከጀመረ ቆይቷል። እኔ ግን ተናድጃለሁ። አባባ ስልኬን ስለወሰደብኝ በእጄ ነው የምጽፍልህ፤ እትዬ ካሊዮፒ ነገ ልጇን ለመጠየቅ ወደ ሽቱትጋርት ስለምትበር ይዛልህ ትመጣለች። እሷ እንዳታነበው በሙጫ ለጥፌዋለሁ። ካነበብሽው ደግሞ እትዬ፣ ሰላም ብያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእመቤታችን ፍልሰታ ዕለት አባባ ሱፉን ግጥም አድርጎ ሥዕሏን በዑደቱ ላይ ሊሸከም ሲሄድ፣ ጀልባ ማከራየቱን ለእኔና ለአያታችን ተወልን። ዮስት የሚባል ሆላንዳዊ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር መጣ። የጀልባ መንጃ ፈቃድ የለውም፤ እስከ ሠላሳ የፈረስ ጉልበት ላለው ሞተር ስለማያስፈልግ ሰማያዊዋን ጀልባ ሰጠሁት። አንተ እንዳስተማርከኝ ቀዩን ገመድ እጁ ላይ አሰርኩለትና፣ ከወደቀ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩን እንደሚያጠፋው ነገርኩት።

ይሄኔ አያታችን ከወንበሩ ተነሣ። «እንግዳ እንደ ፍየል አይታሰርም፤ አታሳፍሪን» ብሎኝ ገመዱን ከሰውየው እጅ ፈታና መሪው ላይ ጠመጠመው። ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ አንድ ዘለላ ወይን ሰጠው። ስልሳ ዓመት ባሕር ላይ ኖሮ ዋና የማይችል ሰው፣ ስለ ውኃ ማንም እንዲመክረው አይፈልግም። እኔም ዝም አልኩ። የሚያበግነኝ ይሄ ነው፤ ለሁሉም ነገር መልስ የማላጣዋ ልጅ ያን ጊዜ ዝም አልኩ።

ከወሽመጡ እንደወጡ የመርከብ ማዕበል ጀልባዋን አነጠራት፤ ዮስት ወደቀ። ሞተሩ አልጠፋም። ጀልባዋ ሚስቱንና ልጆቹን እንደያዘች ዞራ ተመለሰችበትና ውኃ ውስጥ የሚሽከረከረው የሞተሩ ምላጭ ባቱን ቆረጠው። የትንሿ ልጁ ጩኸት ቤተ ክርስቲያን ድረስ ተሰማ። ዮስት አሁን ኮርፉ ደሴት ሆስፒታል ነው፤ እግሩ ይትረፍ አይትረፍ ሐኪሞቹ ገና አልተናገሩም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ባለፈው ክረምት አባባ አርባ የፈረስ ጉልበት ያለው ያገለገለ ሞተር አግኝቶ የአሮጌውን ባለ ሠላሳ ሽፋን አልብሶታል። ከላይ ሠላሳ፣ ከውስጥ አርባ። ፈቃድ የሌላቸው እንግዶች ሁሉ በጋውን በሙሉ በዚህ ሲበሩ ከረሙ። የወደብ ፖሊስ ጀልባዋን አሽጓታል፤ ሰኞ ሽፋኑን አንሥቶ ያያል፣ የእኛንም ቃል ይቀበላል።

ትናንት ምሳ ላይ አባባና አያታችን ሰርዲን እየበሉ መከሩ። ሞተሩን የገጠመው አርጊሪስ ነው ሊሉ ነው። እኔ ደግሞ ሆላንዳዊው ገመዱን ራሱ ፈታው እንድል ታዘዝኩ። «ልጁ ጀርመን ነው፤ ለአንድ ሽፋን ብሎ ማን እዚያ ድረስ ሄዶ ይጎትተዋል» አለ አባባ፣ አጥንት ከጥርሱ መሀል እያወጣ። በጥቅምት መጥተህ የጀልባ መሪነት ፈቃድ እንደምትፈተን፣ ክስ ያለበትን ሰው ደግሞ እንደማይፈትኑ ነገርኩት። ሌላ ጊዜ ይፈተናል፣ ባሕሩ የትም አይሄድ አለኝ። ስልኬ የተወሰደው ያኔ ነው።

እሁድ ይደውልልሃል። መጀመሪያ ስለ አየሩ ይጠይቅሃል፣ ከዚያ ያለቅሳል፤ ማልቀስ ይችልበታል። አንተ ደግሞ ሆደ ባሻ ነህ። እሺ እንዳትል። እኔ ሰኞ ያየሁትን ሁሉ እናገራለሁ፤ ገመዱን ማን እንደፈታው፣ ሽፋኑን ማን እንዳለበሰው፣ እኔም ዝም ማለቴን። የማከራያ ፈቃዱን ቢነጥቁን ይንጠቁን። አንተ እሺ ካልክ ግን ውሸታሟ እኔ እሆናለሁ፤ አባት፣ አያትና ወንድም በአንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ላይ።

ሲልከን ሳምልኝ። እማማ ሰላም ብላሃለች፤ ከዚያ ምሳ በኋላ ሳህን ስታጥብ ሁለት ሰበረች። አያታችን ሰላም ይልህ ነበር፣ እንደምጽፍልህ ቢያውቅ። የአባባን ሰላምታ እሁድ ከራሱ ትሰማለህ፤ ሰላምታውን ብቻ ተቀበለው።

እህትህ ዛምቤታ
ፓክሲ ደሴት፣ ሐሙስ ነሐሴ 20