ዱቄቱን እንዳትነኪው

አብሮ አደጌ፣

ስኳር ማለቁን በጥልቅ ሐዘን አሳውቃለሁ።

ጠረጴዛው ላይ የተነሰነሰው ዱቄት ነው፤ ሻይሽ ውስጥ እንዳትጨምሪው። የጣት አሻራሽን ለማንሳት ነው፤ መጽሐፉ ላይ ያለችው መርማሪም እንደዚያ ነው የምታደርገው።

የልብ ወለዱን የመጨረሻ ምዕራፍ ገነጠልሽ ብዬ ትናንት ሌባ ማለቴ...

ምርመራ ነው እንግዲህ። "እኔ የሴት ፖሊስ ወሬ አላነብም" ማለትሽ ራሱ አስጠርጥሮሻል። እኔም አላነብም፤ ስመረምር ነው ያየሁት። ግን ለዚህ ብለሽ ቤት ትለቂያለሽ? ሻንጣሽን ወደ ክፍልሽ መልሼዋለሁ።

አሁን ልወጣ ስል፣ "ልብ ወለድ ጭንቅላት ያዞራል" የሚሉን አከራያችን መጡ። ምዕራፉን ከሽርጣቸው ኪስ አውጥተው ሰጡኝና፣ "ልጄ፣ ጓደኛሽን፣ ገዳዩ ዶክተሩ አይደለም፣ የተወራረድነውን ተበልተሻል በያት" አሉኝ።

እኔም ዶክተሩ መስሎኝ ነበር።