ስለ «ሰንሰለት ቤት» የሮክ ባንድ አሮጌ ድምፅ የተነገረ ኑዛዜ

ዛሬ ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2023፣ በበርሚንግሃም አጠገብ በክራድሊ ሂዝ፣ በገዛ ቤቴ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ይህን አስጽፋለሁ። ስሜ ሮይስተን ትራንተር ነው። ሳንባዬ አልቋል፤ አእምሮዬ ግን ሌላው ሰው እንድረሳለት የሚፈልገውን ነገር ሁሉ ሳይቀር ያስታውሳል። ማንም አላስገደደኝም። ሊያስገድደኝ ሲሞክር የከረመው ሰው ግን ፊት ለፊቴ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ እሱም እኔ ጊታር እጫወትበት የነበረው የሮክ ባንድ ዘፋኝና ቤዝ ጊታር ተጫዋች የነበረው ክላይቭ ዋሴል ነው። አጠገቡ ልጄ ጌይነር አለች። የምትጽፈው ጠበቃዬ ወይዘሪት ሃርጂት ባንስ ናት፤ የምናገረውን ሳታሳምር እንድትጽፍ ነግሬያታለሁ።

ይህ ቤት ከነዕቃው ለጌይነር ይሁን። እናቷ ከሞተች ወዲህ እሑድ እሑድ እየመጣች ታበስልልኛለች። ምግቧ ጨው የለውም፤ ቤቱ ግን ይገባታል።

የጊታሬን ድምፅ የሚያጎላውን አምፕሊፋየሬን በሚመለከት። ይህ ከወጣትነቴ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ፣ ውስጡ የመስታወት ቱቦዎች የሚግሉበት፣ ሁለት ጎረምሳ ተጋግዞ በመከራ የሚያነሣው ሣጥን ነው። አንድ የሶሊሃል ጥርስ ሐኪም ሽጥልኝ እያለ ሲለምነኝ ኖሯል። መጀመሪያ ያየው ቀን ጫማውን አውልቆ ነው ወደ ክፍሉ የገባው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ «የዚያን ዘመን ድምፅ ዛሬ ማን ያመጣዋል!» አለኝ። «በል ሰካና ተጫወት» ስለው ጊታር አያያዝ እንኳ አያውቅም። ሊገዛው የፈለገው መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ እንግዳ ሊያስደንቅበት ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች አሮጌ የሆነ ሁሉ ወርቅ ነው። እኔ እዚያ ዘመን ውስጥ ነበርኩ። የዚያን ጊዜ ጊታር አብዛኛው ጣሳ ውስጥ የገባች ንብ ይመስል ነበር። የማይረባው ያኔም አይረባም፤ አቧራ ስለለበሰ አልተሻለውም። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ስንለማመድበት ለነበረው ለሠራተኞች ክበብ ይሰጥ። የፈለገ ይሰካበት፤ ቢራ ቢደፋበትም ግድ የለኝም። የጥርስ ሐኪሙ ከሩቅ ሆኖ ይስማው።

የተቀረውን ኑዛዜ የምትረዱት ባለፈው ጸደይ የሆነውን ካስጻፍኩ ብቻ ነው።

ጌይነር ሙያዋ ድምፅ መቅረጽ ነው፤ በርሚንግሃም ዲግቤዝ ሰፈር ውስጥ ስቱዲዮ አላት። ክላይቭ እሷ ዘንድ ሄዶ የ1972ቱን አልበማችንን «እናድሰው» አላት። አድሰው ሲጨርሱ እዚሁ አስቀምጠው አሰሙኝ።

«አባዬ፣ አትቆጣ» አለች። «የድሮው ድምፅ ለዛሬ ጆሮ ቀጭን ነው። ልጆቹ በስልካቸው ነው የሚሰሙት፤ ወዲያው ካልያዛቸው ያልፉታል።»

«ይለፉታ።»

«ጊታርህን ትንሽ ነው ያወፈርኩት።»

«ለገና የምታርጂኝ ዝይ ነኝ እንዴ የምታወፍሪኝ?»

ክላይቭ ሳቀ። «ሮይ፣ ተወው እስቲ። የኛ ድምፅ ሞቷል። መርዶውን ያልሰማኸው አንተ ብቻ ነህ» አለኝ። ፀጉሩን ቀለም የሚቀባ ሰው ስለ ሞት ሲያስተምረኝ ተመልከቱ!

ሰማሁት። ጊታሩ የጭነት መኪና ሆኗል። ሁሉም ነገር እኩል ወፍሮ እኩል ይጮኻል፤ ማን እንደሚጫወት አይታወቅም። ከራሴ ጊታር በቀር ሌላውን ልብ ብዬ አላዳመጥኩም።

በኤፕሪል ድራመራችን ሆራስ ደን ሞተ። አስከሬን ማቃጠያው ግቢ ባለው ጸሎት ቤት ተሰበሰብን። ባለቤቱ ቤሪል ከፊት ተቀምጣለች። «የመጨረሻው ፈረቃ» የተባለው ዘፈናችን እንዲሰማ ለምና ነበር፤ ክላይቭም ኮምፒውተሩን ታቅፎ መጣና የታደሰውን ከፈተው። ዘፈኑ ገና እንደ ጀመረ ቤሪል ብድግ አለች።

«ሆራስ የታለ?»

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ ሐዘኑ ያዞራት መስሎታል። ቄሱ ቀረብ ብሎ ክንዷን ያዘ። «እመቤቴ፣ እዚሁ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ነው» አላት በለሆሳስ።

«ሬሳውንማ እያየሁት! ዘፈኑ ውስጥ የታለ ነው የምለው!»

ጌይነር ፊቷ ነጣ። የሆራስን ድራም አውጥተው የማሽን ምት ነበር የተኩበት፤ ሆራስ የዘፈኑን ፍጥነት አይጠብቅም ብለው።

«ቤሪል፣ እንዲያው አስተካከልነው እኮ» አለ ክላይቭ።

«ማን አስተካክሉልኝ አላችሁ? ባሌ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ይሮጣል! ገበታ ላይም እንደዚያው ነበር፤ እኔ ሹካዬን ሳነሣ እሱ ሳህኑን ጨርሷል። ይሄ የማን ባል ነው? እሱን ሳልሰማ ሣጥኑን የሚነካ ሰው የለም!»

የኔ አሮጌ መኪና ካሴት ማጫወቻ አላት። ካሴቱ ተነክሶ ስለቀረ እንኳን ላወጣው ቀርቶ ልገለብጠውም አልችልም፤ ያ ካሴት የኛው አልበም ነው። ይህን ስነግራቸው ተሸካሚዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ሣጥኑን አንሥተው ወደ መኪና ማቆሚያው ወጡ። የመኪናዬን በሮች ሁሉ ከፍቼ ያንን ዘፈን አስጀመርኩ። የግቢው ኃላፊ ሰዓቱን እያሳየ ይቆጣል፤ ተራ የሚጠብቁት የሌላ ሬሳ አስቀባሪዎች አበባቸውን እንደያዙ ተጠጉን። አንደኛው ድምፅ ማጉያ ከሞተ ቆይቷል። ካሴቱ ይንሾካሾካል። ጊታሬም፣ ጌይነር እንዳለችው፣ ቀጭን ነበር።

ሁለተኛው ስንኝ ደረሰ። ሆራስ ሮጠ። እኔ ስከተለው፣ ክላይቭ ከኋላችን ሲያለከልክ ቁልጭ ብሎ ተሰማ። የማያውቁን ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁ። ቤሪል እጇን ክዳኑ ላይ አሳርፋ፣ «ይኸው! ቀስ በል እንጂ አንተ ሰውዬ!» አለችው። እስኪያልቅ ሰማችና ወደ ተሸካሚዎቹ ዞረች፤ «አሁን ውሰዱት።»

እንግዲህ የዚያን ዘመን የሮክና የሜታል ጊታር ድምፅ ዛሬም ያስኬዳል ወይ እያላችሁ በየጋዜጣው የምትከራከሩ ሁሉ፣ እኔን አትጠይቁኝ። እኔ የራሴን ድምፅ ወድጄው አላውቅም። ቤሪልን ጠይቋት።

ስለዚህ የአልበሙ ዋና ቴፖች፣ ያልተነኩት፣ ለወይዘሮ ቤሪል ደን ይሁኑ። ላስተካክላቸው ብሎ የሚመጣ ሁሉ ከበሯ ይመለስ።

ጊታሬ ለጌይነር ነው። ከቀብሩ መልስ ያንን ጊታር አምፕሊፋየር ላይ ሳትሰካ ይዛ ሁለተኛውን ስንኝ ስትሞክር አየኋት። እንደ ሆራስ ልትሮጥ እየሞከረች ነበር፤ አልሆነላትም። አንድ ቀን ይሆንላታል።

የባንዱ ስም በሕግ የእኔ ነው። ክላይቭ በዚህ ስም ጎረምሶች ቀጥሮ አገር ላገር ሊዞር ይፈልጋል። ድምፁ ተሰነጣጥቋል፤ ሱሪው ለዕድሜው ይጠበዋል፤ ሰው ፊት ቢቆም እሱን ሳይሆን እኛን ነው የሚያሳፍረን። ቢሆንም «ሰንሰለት ቤት» የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው፤ አያቱ ጓሮዋ ባለች ጎጆ ውስጥ ለእንጀራዋ የብረት ሰንሰለት ትቀጠቅጥ ነበር። ስሙ ለክላይቭ ይሁን።

«የምርህን ነው?» አለ አሁን።

አፉን ከፍቶ ቀርቷል ብለሽ ጻፊ።

ምስክር እንዲሆን የጠራነው ጎረቤቴ አቶ ፌሬዴይ አዞረኝ ብሎ ቀርቷል። ወይዘሪት ባንስ የምትለው ይህ ነው፤ «ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። አንዷ እኔ ነኝ። ወራሽ ከፈረመ የተሰጠውን ያጣል፤ ስለዚህ አቶ ዋሴልም ጌይነርም አይሆኑም። ልውጣና ከመንገዱ ሰው ልፈልግ።»

«ይቀመጡ» አላት ክላይቭ። «እኔ እፈርማለሁ።»

«ደንቁረሃል? ስሙን ታጣለህ» አልኩት።

«ጆሮዬ ደህና ነው። ሆራስ የለም፤ አንተም መሄድህ ነው። ከማን ጋር ሆኜ ነው ሰንሰለት ቤት የምባለው?»

«ሰው ይፈለግ ስትል አልሰማህም? ሞኝ! ወረቀቱ የትም አይሄድም፤ መንገዱ ሰው ሞልቶታል!»

«ሮይ፣ የሆራስን ቴፕ ለሚስቱ የሚያስረክበው ወረቀት ላይ ስሜ ይኑር። ሌላ ነገር አልፈልግም። እስክሪብቶውን አምጣው።»

ጌይነር ታለቅሳለች። ይህ ሰው መድረክ ላይ ሁሌም ከፊቴ እየቆመ መብራቴን ሲሻማ የኖረ ነው፤ ስንቀው ኖሬያለሁ፤ ዛሬም አላመሰግነውም። ስለ ስሙ ያልኩት ግን አይሰረዝ። መስጠቴም፣ መተዉም ይታወቅ።

ይህን ሁሉ ሲነበብልኝ ሰምቼ፣ እነሱም ሲያዩኝ እኔም ሳያቸው ተፈራርመናል።

ተናዛዥ፦ ሮይስተን ትራንተር (ፊርማ)

ምስክር፦ ሃርጂት ባንስ፣ ጠበቃ (ፊርማ)

ምስክር፦ ክላይቭ ዋሴል፣ የ«ሰንሰለት ቤት» ቤዝ ጊታር ተጫዋች (ፊርማ)