ዝም ላሉ ልጆች የኖሩት መምህርት አይሲልማ ኒስቤት

ወዳጆቼ፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ፣ አረፍ በሉ። ወጣቶች፣ ወንበሩን ለትልልቆቹ ልቀቁላቸው። ዛሬ የምንሸኛቸው እህታችን እንዴት እንደኖሩ በአቅሜ ጽፌዋለሁ። የጻፍኩት ታናሽ ወንድማቸው ኦልቪስ ነኝ። የዘነጋሁት ካለ ቆይተን ስንበላ እናንተ ትሞሉታላችሁ።

መምህርት አይሲልማ ሊበርድ ኒስቤት ከአባታቸው ከአናጢው ከአቶ ቲዎፊለስ ሊበርድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤርሚን ክላክስተን፣ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1951 ዓ.ም. በካሪቢያን ባሕር፣ በኔቪስ ደሴት፣ ጂንጀርላንድ በሚባለው አጥቢያ ተወለዱ። አምስት ዓመት ሲሆናቸው አባታችን፣ ሰባት ሲሆናቸው ደግሞ እናታችን ሥራ ፍለጋ ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። እኛም ሁለታችን በአክስታችን በታማር እጅ አደግን።

አክስታችን ታማር ቀኑን ሙሉ ጥጥ ሲለቅሙ የሚውሉ፣ ሳቃቸው ማዶ መንደር የሚሰማ፣ በሥርዓት ግን የማይቀልዱ ሴት ነበሩ። ልጅ የትልቅ ሰው ዓይን ውስጥ አያይም። ካልፈቀዱለት አይናገርም። ትልቅ ሰው ፊቱ ያለውን ዕቃ እያየ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የጨዋ ልጅ አይመልስም። ትልቁ ሰው ያውቀዋላ! የሚያውቁትን ለትልቅ ሰው መንገር «አንተ አታውቅም» እንደማለት ነው፤ አክስታችን ቤት ደግሞ ይህ በአለንጋ ያስመታ ነበር። ልጆቼ፣ ይህንን ልብ በሉልኝ፤ የእህቴ ሕይወት ሁሉ በዚህ ምክንያት ነው መልኩን የያዘው።

እንደዚሁ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. እህቴ በአስር ዓመታቸው፣ እኔ በሰባት ዓመቴ፣ በመርከብ ወደዚህች ከተማ መጥተን ከወላጆቻችን ጋር ተገናኘን። በተከታዩ ዓመት አስተማሪዬ «ይህ ልጅ አይናገርም፣ ቀና ብሎም አያይም» ብለው አመለከቱ። አንድ ፈታኝ እንደሚመጡም ተነገረን። ልጁ እንዳይፈራ ተብሎ እህቴም አጠገቤ እንዲቀመጡ ተደረገ። ጠዋት እናታችን ፀጉራችንን ሲያበጥሩን «የሚመጣው ትልቅ ሰው ነው። ዓይናችሁን ዝቅ፣ አፋችሁን ግጥም! የኤርሚን ልጆች ባለጌ ናቸው እንዳልባል!» አሉን።

ፈታኙ ደግ ሰው ነበሩ፤ ከረሜላም ሰጡን። ከዚያ ሥዕል ያለበት ካርድ አወጡና «ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ። ድመት ነበረች። እኔም ሰውየው ዕውር እንዳልሆኑ አየሁና ዝም አልኩ። ጃንጥላ አወጡ፤ ዝም። የሻይ ጀበና አወጡ፤ ዝም። እህቴ እያንዳንዱን እንደማውቀው ያውቁ ነበር። ቤት ውስጥ ስዕል ያለበት ጋዜጣ ዘርግተን ስንጫወት የምቀድማቸው እኔ ነበርኩ። ግን እናታችን አፋችሁን ግጥም ብለዋል፤ እህቴም ጠረጴዛው ሥር እጄን ይዘው ዝም አሉ። ሃያ ካርድ ተገለበጠ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ መማር የማይችሉ ልጆች ወደሚሄዱበት ትምህርት ቤት እንድዛወር የሚል ወረቀት መጣ። አባታችን ብቻቸውን ተጠራጠሩ።

«ኤርሚን፣ ይኼ ልጅ እኮ ጅል አይደለም። እንጨቱን ስለካ ቁጥሩን ከኔ ቀድሞ ነው የሚናገረው።»

«አስተማሪ ካለ አለ ነው፣ ቲዎ! ደግሞ አንተ ከአስተማሪ ልትበልጥ ነው?»

በአገራችን አስተማሪና ሰባኪ አይጠየቁም ነበር። እናታችን የእሑድ ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱና በክብር ፈረሙ። እኔም ብሩሽ ማሰርና ወለል መጥረግ ተምሬ፣ ከስሜ በቀር ሳልጽፍ በአሥራ አምስት ዓመቴ ወጣሁ። ዳቦ ቤት ገባሁ፤ አርባ ዓመትም ሠራሁ። በዳቦ ቤቱ አላፍርም፤ ግማሻችሁ ዳቦዬን በልታችሁ ነው ያደጋችሁት።

እህቴ በትምህርታቸው ገፉ። ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርሱ የሥራ አማካሪዋ «የሆስፒታል ጽዳት ይስማማሻል፤ እናንተ ጠንካሮች ናችሁ» ብለው መከሯቸው። እህቴ አመስግነው ወጡና የመምህራን ኮሌጅ ማመልከቻ ሞሉ። በ1973 ዓ.ም. ተመርቀው፣ ከቤታችን ሦስት መንገድ አልፎ ባለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። በምረቃቸው ዕለት ሁሉም ሲስቅ ወደ ጓዳ ጠሩኝና «ኦልቪስ፣ ያን ቀን አንድ ቃል ብናገር ኖሮ አንተም ዛሬ እዚህ ትደርስ ነበር። ይቅር በለኝ» አሉኝ። እኔም «ኧረ ተዪው እትዬ፣ ምን አጠፋሽና!» አልኳቸው። በሠርጌም ቀን እንደዚሁ አሉኝ። እኔም እንደዚሁ መለስኩ።

በ1975 ዓ.ም. በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ልጆቻችን ከመደበኛው ትምህርት በተጨማሪ የሚማሩበትን የቅዳሜ ትምህርት ቤት ከከፈቱት አራት ሰዎች አንዷ እርሳቸው ናቸው። እኔን «ወንበር ደርድርልኝ» ብለው አስመጡኝ። አንድ ቅዳሜ የመዝሙር መጽሐፍ ይዘው መጡና «ይቺ ምን ትላለች? መነጽሬን ረስቼው ነው» አሉ። «እኔ አላውቅም» አልኩ። «በል ና፣ ለሁለት እንቆጥራት» አሉኝ። እንደዚህ እያሉ ሁለት ዓመት ሙሉ መነጽራቸውን ሲረሱ አነበብኩ። መነጽር ያደረጉት ግን በሃምሳ ዓመታቸው መሆኑን እናንተ ምስክር ናችሁ።

በ1977 ዓ.ም. ከሴንት ኪትስ ደሴት ተወላጅ ከፖስታ ቤት ሠራተኛው ከአቶ ከትበርት ኒስቤት ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። አቶ ከትበርት ደብዳቤ ባለበት ቀን ብቻ ሳይሆን በሌለበትም ቀን ደጃችን ሳይደርሱ የማይውሉ ሰው ነበሩ። ሁለት ሴት ልጆችን፣ ኮሌትንና ራኔልን አፈሩ።

አሁን ወደ ሥራቸው ልመለስ። በክፍላቸው ከኔቪስ፣ ከፑንጃብ፣ ከአየርላንድና ከዚሁ ከከተማው የመጡ ልጆች ነበሩ። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ግን የአንድ ዓይነት ሰው ታሪክ ብቻ ነበር። በ1979 ዓ.ም. እህቴ ስለ ከተማችን የጥጥ ፋብሪካዎች ሲያስተምሩ መጽሐፉን አጥፈው «ጥጡን ማን ለቀመው?» ብለው ልጆቹን ጠየቁ። የሚያውቅ አልነበረም። «እንግዲያው ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ» አሏቸው።

በማግስቱ አቶ ሃንሊ፣ የአውቶቡስ ነጂው፣ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ክፍሉ በር ላይ ቆሙ።

«ሚስ ኒስቤት! ልጄን ባሕር አሻግሬ ያመጣሁት ስለ ጥጥ ማሳ ሊማር ነው? ማሳውንማ እዚያው በነጻ ይማረው ነበር! ሒሳብና ሰዋስው አስተምሪልን።»

«ሒሳቡም እዚያው ውስጥ አለ፣ ሚስተር ሃንሊ። አንድ ሸሚዝ ስንት ጥጥ ይፈልጋል? እናትዎ በቀን ስንቱን ለቀሙ?»

ልጃቸው ከኋላ ጮክ ብሎ ሲመልስ፣ አቶ ሃንሊ እናታቸው በፀሐይ ስንት ዓመት እንደጎበጡ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ወዲያ ሲከራከሩ የኖሩት ለእህቴ ወግነው ነው።

በዚያው ሳምንት የአንዱ ፈረንጅ ተማሪ አያት፣ ወይዘሮ ክሌግ፣ ተጠሩ። «ስለ ባህል ከሆነ እኛ የለንም፣ የኔ ልጅ፤ እኛ ከቦዩ ማዶ ነን» ብለው አስቀድመው አስታወቁ። ሲመጡ ግን እናታቸው በፈትል ፋብሪካው ክር ይቆርጡበት የነበረውን ትንሽ መቀስ በመሐረብ ጠቅልለው ይዘው ነበር። እህቴም ስለ አክስታችን ስለ ታማር ነገሯቸው። ወይዘሮ ክሌግም መቀሱን መልሰው እየጠቀለሉ «እንግዲህ ያንቺ አክስት የለቀሙትን የኔ እናት ፈትላዋለቻ!» አሉ። እህቴ ያን ዕለት ቤት ገብተው እራታቸውን ሳያበስሉ ቁጭ ብለው አለቀሱ። የደስታ ይሁን የሐዘን አልጠየቅኳቸውም።

ሆኖም እህቴ «ዓመት በዓል ላይ ዘፍነንና ምግባችንን አቅምሰን ብቻ ብንሄድ እኩልነት አይደለም» ይሉ ነበር። የክፍል መዝገቦችን አገላብጠው፣ በአራት ዓመት ውስጥ ወደ እኔ ትምህርት ቤት ዓይነት ከተላኩት አሥራ አንድ ልጆች ዘጠኙ ጥቁሮች መሆናቸውን አገኙ። ዳይሬክተሩ «እኛ እዚህ ቀለም አናይም» አሏቸው። እህቴም «ካላያችሁማ ዘጠኙን እንዴት አንድ በአንድ ለቅማችሁ አወጣችኋቸው?» ብለው መለሱ። ይቺ መልስ ስምንት ዓመት ሙሉ ዕድገት አሳጥታቸዋለች። የመምህራኑ ሻይ ክፍል ሲገቡ ወሬው ቁርጥ ይል እንደነበር አንድ ጊዜ ብቻ ነግረውኛል፤ አማርረው አይናገሩም ነበር።

በ1987 ዓ.ም. ግን ተሾሙና ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞሩ መምህራንን ማሠልጠን ጀመሩ። ታላላቆቹን አስተማሪዎች ከነሱፋቸው መሬት ላይ ያስቀምጧቸው ነበር። «ልጅን የምታውቁትን አትጠይቁት፤ የማታውቁትን ጠይቁት። ቤትህ ውስጥ ሰው ሲመጣ ምን ይደረጋል በሉት። ዝም ያለ ልጅ ባዶ አይደለም፤ ምናልባት አክብሯችሁ ነው» ይሉ ነበር። በ1991 ዓ.ም. ይህ የሥልጠና መሥሪያ ቤት ተዘጋና ያዘጋጁት የማስተማሪያ ሣጥን ሁሉ ወደ ምድር ቤት ተጣለ። እርሳቸው ልጆችን ወደማስተማር ተመለሱ። በ1995 ዓ.ም. ዳይሬክተር ሆነው እስከ 2011 ዓ.ም. አገለገሉ። በእርሳቸው ትምህርት ቤት አስተማሪ የልጁን ቤት ሳይጎበኝ፣ እናትና አባቱን ሳያዋይ ልጅ አይፈተንም ነበር። በዚህ ደንብ ከዚያ ከብሩሽ ማሰር የተረፋችሁ ዛሬ በዚህ አዳራሽ አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ልጆቻችሁን ይዛችኋል።

ባለቤታቸው አቶ ከትበርት በ2009 ዓ.ም. ቀደሟቸው። እርሳቸውም ባለፈው ኖቬምበር ሆዳቸውን ታመው ሲመረመሩ ካንሰር መሆኑ ተነገራቸው። ልጆቻቸው በተራ አስታመሟቸው። ከሰዓት በኋላው የኔ ነበር። መዝሙር አነብላቸዋለሁ፤ ስሳሳት ዓይናቸውን ጨፍነው ያርሙኛል።

ፌብሩዋሪ 8 ቀን ረቡዕ «ኦልቪስ፣ መጽሐፉን ዝጋው» አሉኝ።

«ምነው እትዬ፣ አመመሽ?»

«አሁንም አልመለስክልኝም።»

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ። ይቅር አልከኝ?»

«ኧረ እትዬ! የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እኮ ነበርሽ! ምን አጠፋሽና ነው ይቅር የምልሽ? ተዪው ይልቅ፣ ሾርባሽን ጠጪ።»

ፈገግ አሉ፤ ሾርባውንም ሁለት ማንኪያ ጠጡልኝ። በማግስቱ ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2023 ዓ.ም.፣ ፀሐይ ስትወጣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

መምህርት አይሲልማ ኒስቤት የሁለት ሴት ልጆች እናት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ልጆቻቸው ኮሌትና ራኔል፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ወንድማቸው እኔና ባለቤቴ ሜርቪን፣ በኔቪስ ያሉ ዘመዶቻችን፣ እንዲሁም «ሚስ» እያላችሁ ያደጋችሁ ሁላችሁ ቀርተናል። መቃብራቸውን እንደ ልማዳችን በማሽን ሳይሆን በእጃችን እንሞላዋለን። አካፋዎቹ መኪናዬ ውስጥ ናቸው። ወንዶች እየተቀያየራችሁ፣ ሴቶች እየዘመራችሁ፣ እስኪሞላ አንሄድም።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ይቀረኛል። ከሐሙስ ጀምሮ ሳስበው፣ እህቴ ሃምሳ ዓመት የለመኑኝ ይቅርታ እንጂ ማባበያ አልነበረም። እትዬ፣ ልጅ ብትሆኚም፣ እናታችን ቢከለክሉሽም፣ እጄን ይዘሽ ዝም ማለትሽ ጎድቶኛል፤ አዎ፣ ጎድቶኛል። እኔ ግን ታናሽ ታላቁን «ይቅር ብዬሃለሁ» ማለቱ ድፍረት እየመሰለኝ፣ ምንም የለም እያልኩ ዕዳውን አንቺው ላይ ተውኩት። ይኸው ዛሬ በሰው ፊት እናገራለሁ። እትዬ አይሲ፣ ይቅር ብዬሻለሁ። አንቺም ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ።

ልጆች ወደ እኔ ይምጡ ያለው ጌታ፣ እህታችንን ደጁ ላይ ሳያስጠብቅ በስማቸው ጠርቶ ያስገባቸው። ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።